ልጅዎ «ትምህርት ቤት አልሄድም» ሲል

ጠዋት አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ዩኒፎርሙ ተተኩሷል፣ ምሳ ዕቃው ተሞልቷል፣ ሰርቪሱ መንገድ ላይ ነው። ልጁ ግን ሆዱን ይዞ ከአልጋው አልወረደም። ትናንትም እንዲሁ ነበር፤ ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ።

በዚህ ሰዓት አብዛኛው ወላጅ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ተቆጥቶ ያስነሳዋል፣ ወይ አዝኖለት ያስቀረዋል። ሁለቱም ያንን ጠዋት ያሳልፋሉ እንጂ የልጁን ጉዳይ አይፈቱም። ልጅ ትምህርት ቤትን በጅምላ አይጠላም። የሚሸሸው አንድ ነገር አለ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ቦታ፣ ወይም ቤት ውስጥ ትቶት የሚሄደው ጭንቀት። የእርስዎ ሥራ ያንን አንድ ነገር ማግኘት ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለእናትና ለአባት ብቻ አይደለም፤ ልጅ የሚያሳድጉ አያት፣ አክስትና ታላቅ እህትም ይጠቀሙበት።

በዚያው ጠዋት

ግንባሩን ይንኩ። ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ ወይም ሽፍታ ካለው ይቅር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ይሂድ። ነገር ግን «ውሸታም» አይበሉት። የፈራ ልጅ ሆዱ በእውነት ይታመማል፣ ራሱን በእውነት ያመዋል። ሕመሙ ሦስት ሰዓት ላይ ጠፍቶ ሰኞ ጠዋት ተመልሶ መምጣቱ ማስመሰል አይደለም፤ የጭንቀት ጠባይ ነው።

እንዲህ ቢሉት ይበቃል፦ «ሆድህን እንዳመመህ አምናለሁ። ዛሬ ትሄዳለህ፤ ማታ ደግሞ እኔና አንተ ቁጭ ብለን እናወራለን።» ማታ ቃልዎን ይጠብቁ። ቢደክምዎትም፣ እንግዳ ቢመጣም ይጠብቁ። ልጁ ሌላ ጊዜ ምሥጢሩን ይነግርዎት ወይም አይነግርዎት እንደሆነ የሚወስነው ይህ ማታ ነው።

ልጁ ቤት የዋለ እንደሆነም ቀኑ የበዓል ቀን አይምሰል። ቴሌቪዥን፣ ሞባይልና ሱቅ የሚላክበት ከረሜላ ከሌለ፣ ቤት መዋል ራሱ ማባበያ አይሆንም። «ይሂድ» ካልነው ውጭ የሆነ አንድ ሁኔታ ብቻ አለ። ልጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወይም አንድ ሰው እንደጎዳው ከተናገረ በዚያ ቀን አይላኩት። በቀጥታ ስለ ጥቃት ወደተጻፈው ክፍል ይለፉ።

ገና መዋዕለ ሕፃናት የገባ ልጅ በመስከረም በር ላይ ቢያለቅስ ጉዳዩ የተለየ ነው፤ አብዛኛው በሁለትና በሦስት ሳምንት ይለምዳል። ተደብቀው አይጥፉበት። ይሰናበቱት፣ መቼ እንደሚመጡ በሚገባው መንገድ ይንገሩት («ምሳህን በልተህ፣ ተኝተህ ስትነሣ»)፣ ሳይመላለሱ ይሂዱ፣ ባሉበት ሰዓት ይድረሱ።

ሁለት ሳምንት ይመዝግቡ

ከመጠየቅ በፊት ይመልከቱ። አንድ ደብተር ይያዙና አልሄድም ያለበትን ቀን፣ ምን እንዳመመው፣ ሲመለስ እንዴት እንደነበረ በአንድ በአንድ መስመር ይጻፉ። የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን ከጎኑ ያድርጉ። ሕመሙ ማክሰኞና ሐሙስ የሚመጣ ከሆነ በእነዚያ ቀናት ምን ትምህርት አለ? ማንስ ያስተምራል? ሁልጊዜ ሰኞ ከሆነ ቅዳሜና እሑድን ይመርምሩ። ከሰርቪስ ሲወርድ ፊቱ የሚጠቁር ከሆነ ነገሩ ክፍል ውስጥ ሳይሆን መኪናው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ብዙ ወላጅ ሰርቪሱን ይረሳል። በመኪናው ውስጥ ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ጋር መምህር በሌለበት አንድ ሰዓት አብረው እንደሚቆዩ አያስብም።

ሲመለስ ምሳ ዕቃውንም ይክፈቱ። ሳይነካ የመጣ ምግብ ጭንቀትን ወይም ብቻውን መቀመጡን ይናገራል። ሙልጭ ብሎ የመጣ ምሳ ዕቃና ቤት ሲደርስ በረሃብ የሚንሰፈሰፍ ልጅ ግን አንድ ላይ ከታዩ ምሳውን የበላው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። እርሳስና ላጲስ በየሳምንቱ የሚጠፋ ከሆነም «ዝርክርክ» ከማለትዎ በፊት ማን እንደሚወስደው ያስቡ።

ሰውነቱን ያስመርምሩ

ሰነፍ የተባሉ ስንት ልጆች ሰሌዳው ስለማይታያቸው ብቻ ዝም ብለው እንደተቀመጡ ሳስብ ያሳዝነኛል። ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ዓለም ብዥ ብሎ ከታየው ሌላውም ሰው እንዲህ የሚያይ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አይናገርም። ደብተሩን አፍንጫው ሥር ካደረገ፣ ቴሌቪዥን ተጠግቶ ካየ፣ ዓይኑን አጥብቦ ካየ ወይም ከጓደኛው ደብተር ብቻ ከገለበጠ ዓይኑ ይታይ። ከኋላው በዝቅተኛ ድምፅ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ጆሮው የሚመግል ወይም አፉን ከፍቶ የሚተኛ ከሆነ ጆሮውና ጉሮሮው ይታይ። ጥርሱንም አይርሱ፤ የተቦረቦረ ጥርስ ሌሊቱን ያስጨንቀውና ጠዋት «ራሴን አመመኝ» ያሰኘዋል።

እንቅልፍ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ነገር ያበላሻል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የሚነሣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ቢዘገይ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መተኛት ይኖርበታል። ድራማው አራት ሰዓት ላይ የሚያልቅ ከሆነና ልጁ የሚተኛው ሳሎን ከሆነ የጠዋቱ ጠብ ምንጭ እዚያው ነው።

ስለ መጸዳጃ ቤት በግልጽ ይጠይቁ። በር የሌለው፣ ውኃ የሌለበት ወይም ትልልቅ ልጆች የሚቆሙበት መጸዳጃ ቤት ስላለ ብቻ ጠዋት ውኃ የማይጠጡ፣ ቀኑን ሙሉ ሽንታቸውን የሚይዙ ልጆች አሉ። ይህ ለሽንት ቧንቧ ሕመምና ለሆድ ድርቀት ያጋልጣል። ሴት ልጅ ከሆነችና በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን የምትቀር ከሆነ ምክንያቱን እናት ሳትጠየቅ ትረዳለች። እናት ከሌለች አባት ይህን ሊያፍርበት አይገባም። ሞዴስ ገዝቶ ቦርሳዋ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ትርፍ የውስጥ ሱሪ መጨመር፣ ከዩኒት ሊደሯ ወይም ከምታምናት ሴት መምህር ጋር ማገናኘት ብዙ ቀን ከመቅረት ያድናታል።

ሲያወሩት ፊት ለፊት አይሁን

«ምን ሆነህ ነው? ተናገር!» ተብሎ የተናገረ ልጅ የለም። ልጅ የሚናገረው እጅና ዓይን ሥራ ላይ ሲሆኑ ነው፤ ቅዳሜ ሹሩባ ሲሠሯት፣ ሽንኩርት ስትልጡ፣ ወደ ሱቅ አብራችሁ ስትሄዱ፣ ጫማ ሲጠርግ። ጥያቄውም በነገሩ ዙሪያ ይሁን፦

«ዛሬ በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ነበርክ?»
«ምሳ ስትበሉ ከጎንህ ማን ይቀመጣል?»
«ከሁሉም ክፍለ ጊዜ ቶሎ እንዲያልቅ የምትፈልገው የቱን ነው?»
«ክፍላችሁ ውስጥ ልጆች የሚፈሩት ሰው አለ?»

የመጨረሻው ጥያቄ ኃይለኛ ነው፤ ልጅ ስለ ራሱ የማይናገረውን ስለ ሌሎች ይናገራልና። ለትንንሾቹ ወረቀትና እርሳስ ይስጡና «ክፍላችሁን ሳልልኝ» ይበሉ። ራሱን የት እንዳስቀመጠ፣ ማንን ትልቅ አድርጎ እንደሳለ፣ ማንን እንደተወ ይመልከቱ፤ ከዚያ «ይሄ ማነው?» ብለው ይጠይቁ። ሥዕሉ ማስረጃ ሳይሆን የወሬ መክፈቻ ነው።

መናገር ሲጀምር የሚከብደው የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ዝም ማለት። አያቋርጡ፣ «አንተስ ምን አድርገህ ነው?» አይበሉ፣ «ነገ ሄጄ አሳየዋለሁ» ብለው አይፎክሩ። የልጅዎ ትልቁ ፍርሃት ነገሩ እንዳይብስበት ነው፤ የእርስዎ ቁጣ ለእሱ ሌላ አደጋ ነው። «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ምን እንደምናደርግ አብረን እናስባለን» ይበሉት። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት በቤታችን ብዙ ሠርቷል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ልጁ ያቦካውን ከማንም በፊት መቅመስ ያለበት ወላጅ ነው።

ቤትዎን ይመርምሩ

ይህን ክፍል ዘልለው ወደ ትምህርት ቤቱ መሄድ ያምርዎት ይሆናል። አይዝለሉት። አንዳንድ ልጅ ትምህርት ቤቱን ፈርቶ ሳይሆን ቤቱን ጥሎ መሄድ ፈርቶ ይቀራል። ሌሊት እናትና አባት ሲጣሉ የሰማ ልጅ ቀን እሱ በሌለበት ምን እንደሚፈጠር ሲያስብ ይውላል። ዘመድ የሞተበት ልጅ ሌላውም የሚሞትበት ይመስለዋል። እናቷ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ለሥራ የሄደችባት ልጅ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ያጣች ከሆነ፣ ዳግመኛ ከቤት መውጣት ቢያስጨንቃት አይፈረድባትም። ለእነዚህ ልጆች እውነቱን በልካቸው መንገር ከመደበቅ ይሻላል። ማን የት እንደሄደ፣ መቼ እንደሚደወል፣ ማን እንደሚያበላትና ከትምህርት ቤት እንደሚቀበላት ትወቅ። እናት ከዐረብ አገር የምትደውልበት ቀንና ሰዓት የታወቀ ይሁን፤ ስትደውልም «ትምህርት እንዴት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ምን ተጫወትሽ?» ትበላት።

ስለ ዱላም በግልጽ እናውራ። ብዙዎቻችን በቁንጥጫ፣ በኩርኩም፣ በአለንጋ፣ አንዳንዶቻችንም በበርበሬ ጭስ ታጥነን አድገናል። «እኔን ሰው ያደረገኝ ዱላ ነው» የሚሉ ሰዎች ፍቅር፣ ምግብና የታላላቆቻቸው ድካም የሠራውን ለዱላ ይሰጡታል። በርበሬ ማጠን የልጅን የመተንፈሻ አካል የሚጎዳ፣ አስም ያለበትን ሊገድል የሚችል ነገር ነው፤ ቅጣት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። ዱላ ደግሞ አሁን በያዝነው ጉዳይ ላይ አንድ ግልጽ ጉዳት አለው። ሲያጠፋ የሚመታ ልጅ ሲጠቃም አይናገርም። ቤት ውስጥ ሥርዓት ይኑር፤ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ ይሁን። የደፋውን ይጥረግ፣ የሰበረውን አብሮ ይጠግን፣ ያላጠናበትን ሰዓት ከጨዋታው ላይ ይክፈል።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄዱ

መጀመሪያ የክፍል ኃላፊ መምህሩን ያግኙ፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ዘለው አይግቡ። በር ላይ፣ በልጆች ፊት፣ በሩጫ ሳይሆን ቀጠሮ ይዘው ይሂዱ። በመገናኛ ደብተሩ ላይ «ስለ ልጄ ለሃያ ደቂቃ ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ፤ የሚመችዎትን ቀን ይጻፉልኝ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። የያዙትን መዝገብ ይዘው ይሂዱና በክስ ሳይሆን በጥያቄ ይጀምሩ፦ «ማክሰኞና ሐሙስ ሆዱን ያመዋል። እርስዎ ምን ያያሉ?» መምህር ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ያላየውን ነገር ሲጠቁሙት ብዙ ጊዜ ከእርስዎ ጋር ይቆማል።

ሲወጡ አንድ የተጨበጠ ነገር ይዘው ይውጡ። የመቀመጫ ለውጥ፣ በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ የሚቆም ሰው፣ በሰርቪሱ ውስጥ የረዳቷ ከኋላ መቀመጥ። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ይጠይቁ። ካልተስተካከለ ወደ ዩኒት ሊደሩ፣ ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂ ያስቀሩ። ወላጆችን፣ ተማሪዎችንና መምህራንን የሚያገናኘው ኅብረት፣ ወተመህ፣ የተቋቋመው ለገንዘብ መዋጮ ብቻ አይደለም፤ ይህን ዓይነት ጉዳይ የሚሰማ መድረክም ነው። እዚያም ካልሆነ የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ።

ችግሩ ጉልበተኛ ልጅ ከሆነ «አንተም ምታው» አይበሉ። ደካማው ቢመታ የሚቀጣው እሱ ነው፤ ካልቻለም ሁለት ጊዜ ይሸነፋል። ይልቅ ሦስት ነገር ያስተምሩት። ቀና ብሎ «ተወኝ» ብሎ ዞሮ መሄድ፣ ሰው ወዳለበት መሄድ፣ ለማን እንደሚናገር በስም ማወቅ። ቤት ውስጥ በጨዋታ አስመስለው ያለማምዱት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ጓደኛ ነው። አንድ ጓደኛ ያለው ልጅ ከብቸኛው ልጅ ይልቅ ለመጠቃት አይመችም። ከክፍሉ አንዱን ልጅ ቅዳሜ ወደ ቤት ይጋብዙለት፤ ብይ ይጫወቱ፣ አብረው ዳቦ በሻይ ይብሉ። ከሌላ ክልል መጥቶ በአነጋገሩ ለሚሾፍበት ልጅ፣ በቁመቱ ወይም በቆዳው ቀለም ስም ለወጣለት ልጅ፣ ይህ ከምክር ሁሉ ይበልጣል። የሚያሾፈውን ልጅ ወላጆች ራስዎ ሄደው አይጋጠሙ፤ ትምህርት ቤቱ ያገናኛችሁ።

የሚመታው መምህር ከሆነ ልመና አያስፈልግም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ፣ ጨካኝና ኢሰብዓዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ መብት ሰጥቷቸዋል። በላስቲክ ቱቦ መግረፍ፣ በጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ በክፍል ፊት ማዋረድ የሥነ ሥርዓት ማስከበሪያ ተብሎ ሊታለፍ አይችልም። ሰንበሩን ከነቀኑ ፎቶ ያንሱ፣ ጤና ጣቢያ አሳይተው የሕክምና ወረቀት ይያዙ፣ በጽሑፍ ያመልክቱ። ብዙ ወላጅ «ልጄን ይበቀሉብኛል» ብሎ ዝም ይላል። ፍርሃቱ ባዶ አይደለም፤ ስለዚህ ብቻዎን አይሂዱ። የሌሎች ልጆችን ወላጆች ይጠይቁ፤ የሚመታ መምህር አንድ ልጅ ብቻ መምታቱ እምብዛም ነው።

ጥቃት ከጠረጠሩ

ልጁ የአንድ ሰው ስም ሲጠራ ከደነገጠ፣ ትቶት የነበረው አልጋ ላይ መሽናት ከተመለሰ፣ ሲቀመጥ ወይም ሲሸና ካመመው፣ የውስጥ ሱሪው ላይ ደም ካዩ፣ ከዕድሜው በላይ የሆነ የወሲብ ነገር ከተናገረ ወይም ካደረገ፣ ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብና ስጦታ ከያዘ፣ ሌላውን ሁሉ ያቁሙ። አንዱ ምልክት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ለመመርመር ግን ይበቃል። ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥቃት የሚያደርሰው ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ አስጠኚ፣ ሹፌር።

ድርጊቱ በቅርቡ ከሆነ ልጁን አይጠቡት፣ ልብሱንም አይጠቡ። ልብሱን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ያስቀምጡ። ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ከሆነች እርግዝና መከላከያውም እዚያው ይሰጣታል። 72 ሰዓቱ ቢያልፍም ከመሄድ አይቅሩ። በአዲስ አበባ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ምክሩንና የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ሥራውን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው፤ ልጁ ታሪኩን በየቢሮው ደጋግሞ እንዳይናገር የተቋቋመ ነው። እርስዎም ደጋግመው አይጠይቁት። አንድ ጊዜ ያለውን በራሱ ቃል ይጻፉና ጥያቄውን ለባለሙያ ይተዉ። ፖሊስ በ991 ይጠራል፤ ጣቢያ ሲደርሱ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይን የያዘውን መርማሪ ይጠይቁ።

ከዚያ ሽማግሌ ይመጣል። «ቤተሰብ አይፍረስ፣ ስሟ እንዳይጠፋ፣ ካሳ ይከፍላል» ይባላል። ሽምግልና በብዙ ነገር የአገር ሀብት ነው፤ በልጅ ላይ በተፈጸመ የወሲብ ጥቃት ግን ቦታ የለውም። ነገሩ ወንጀል ነው፣ በዕርቅም አይዘጋም። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ተቀብለው በአክብሮት ይሸኙ፤ ክሱን ግን አይተዉ።

ይህ ከመድረሱ በፊት ከሦስትና ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ልጁን ያስተምሩት። የውስጥ ሱሪ የሚሸፍነውን ቦታ እናት ስታጥብ ወይም ሐኪም እናት ባለችበት ሲያይ ካልሆነ በቀር ማንም አይነካውም፤ ማንም ሰው «ለእማማ እንዳትነግር» ካለ ለእማማ የሚነገረው ያ ነው። እንግዳን በግድ ሳመው ብለው አይግፉት። እጅ ነሥቶ ሰላም ማለትም ጨዋነት ነው።

ሲመለስ

ምክንያቱ ተገኝቶ ከተስተካከለ በኋላም ልጁ የቀረባቸው ቀናት በበዙ መጠን መመለሱ ይከብደዋል። ስለዚህ አያዘግዩት። አስፈላጊ ከሆነ ከመምህሩ ጋር ተነጋግረው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግማሽ ቀን ያድርጉት፣ በሩ ላይ የሚወደው መምህር ይቀበለው፣ ያመለጠውን ደብተር አንድ ጓደኛው ያውሰው። የመጀመሪያው ሳምንት ለቤት ሥራ ሳይሆን ለመድረስ ይሁን። ሁለትና ሦስት ሳምንት ሞክረው ካልተመለሰ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተወ፣ መጫወት ካቆመ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ጤና ጣቢያ ወስደው ለአእምሮ ጤና ባለሙያ ሪፈር ያጽፉለት። ጠበል የሚያስጠምቁት ወይም ዱዓ የሚያስደርጉለት ከሆነም ከሕክምናው ጋር ይሁን፤ በሕክምናው ፋንታ አይሁን።

አንድ ሌላ ልጅ ቀርቷል። «እናስተምርሃለን» ተብሎ ከገጠር የመጣው የዘመድ ልጅ ወይም ሕፃን የምትይዘው ትንሽ ልጅ። በብዙ ቤት ለማታ ትምህርት ትመዘገባለች፤ ኅዳር ላይ ታቋርጣለች፤ «ትምህርት አትወድም» ይባላል። ለእሷም ያንኑ ደብተር ያውጡ። ስንት ሰዓት ተነሣች? ስንት ሰዓት ተኛች? ወደ ክፍል ስትሄድ እራት በልታለች? መንገዱ ጨለማ ነው? ማን ይሸኛታል? አብዛኛዎቹን ከትምህርት የሚያሸሻቸው አንድ ነገር ድካም ነው፤ የሚያስተካክሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት። ቀን የምትማርበት ቦታ ይፈልጉላት፤ ካልተገኘ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሥራ አይስጧት፣ የቤት ሥራዋን ከልጆችዎ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ትሥራ፣ የወላጅ ስብሰባ ሲጠራም የእሷ መምህር ዘንድ ይሂዱ።